ኩልሚዬ ያለ ሞንታርቦ

ድሬ ዳዋ ውስጥ ኩልሚዬ ሳይኖር የተዳረ ሰው ካለ፣ ወይ ተደብቆ ነው ያገባው ወይ ከኩልሚዬ ጋር ተጣልቷል። ሰውየው ሞንታርቦ ያከራያል። ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ ድምፅ ማጉያዎች አሉት፤ አንዱን መጋላ ላይ ከከፈተው ሳቢያን ያለ ሰው ሙሽራዋ መቼ እንደገባች ያውቃል። እኔ ዓብዩ እባላለሁ፤ ድንኳንና ወንበር አከራያለሁ። እሱ የሚያስጨፍረውን ሕዝብ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ኩልሚዬ ማውራት መብቴ ነው፤ ጆሮዬን የከፈልኩበት መብት ነው።

ወጣት ሳለ ቀፊራ ገበያ ሰልባጅ ልብስ እየጮኸ ይሸጥ ነበር። ጩኸቱ የራሱን ገዢ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ገዢ ስለሚጠራበት፣ ጎረቤቶቹ አዋጥተው አንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ ገዙለትና ራቅ ብሎ እንዲጮህ ለመኑት። ከዚያች ማጉያ ተነሥቶ ነው ባለ ሞንታርቦ የሆነው። ስሙ በሶማሊኛ ሰብሳቢ እንደ ማለት ነው፤ እሱም ስሙን እንደ ሥራ መደብ ነው የሚያየው። ሰው የሚሰበሰበው በድምፅ ነው ይላል። ድምፅ በሌለበት የተሰበሰበ ሰው ወይ ለቀብር ነው ወይ ለቀበሌ ስብሰባ፣ ሁለቱም ደስ አይልም።

ችግሩ ምንድን ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ ሞንታርቦ ጎን የቆመ ሰው ጆሮው ጤና አያገኝም። ከዓመት ዓመት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እኛ የሥራ ፍቅር መስሎን ነበር። ነገሩ የገባኝ ገንደ ቆሬ አንድ ሠርግ ላይ ነው። ማይኩ ማጉያው ፊት ተረስቶ አንጀት የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ። ሙሽራው ጆሮውን ያዘ፤ ሙሽራዋም የራሷን ትታ የሙሽራውን ያዘች፤ አሮጊቶቹ «ያ አላህ» አሉ። ኩልሚዬ ግን እዚያው ፉጨቱ ሥር ቆሞ ለሕዝቡ ፈገግ ይላል።

ወደ ጥግ ወስጄ ስጠይቀው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ተለማመጠኝ፣ በመጨረሻ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ለመተማመኛ ብሎ በማርያም ነው ያስማለኝ። ከማይሰማ ሰው ሞንታርቦ ማን ይከራያል ነው ነገሩ። እውነቱን ነው፤ እኔም መቆም የማይችል ወንበር አላከራይም።

የመደበቂያ ዘዴው ብዙ ነው። ፊት ለፊት ጮክ ብለው ሲያናግሩት አፍ እያየ ይይዛል። ሰው አፉን ሳይከፍት እሱ ይጀምራል፤ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ራሱ ይስቃል፣ ተሰናብቶ ይሄዳል። ሰዉ ጨዋታ አዋቂ ይለዋል። ስልክ ሲደወልለት ደግሞ ኔትወርክ የለም ይልና ለሚስቱ ለዓሻ ያቀብላታል። ዓሻ እንኳ አላወቀችም። በዚያ ቤት ከጥንትም ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሌለ፣ ማን ይስማ ማን አይስማ የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

ኑርሀን የምትባል አንዲት ልጅ አላቸው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የላካት ኪቦርድ ተምራ ተመልሳ በእሱ ሞንታርቦ ሠርግ እንድትጫወት ነበር። የኪቦርዱ ክፍል ሞላና የተረፈላት ቼሎ ሆነ። ቼሎ ማለት ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መሃል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ ወፍሮ ወፍሮ እንጀራ የወጣለት ይመስላል። ልጅቷ ከነመሣሪያዋ የተነሣችውን ፎቶ ስትልክለት ኩልሚዬ አጉልቶ አጉልቶ አየውና፣ ይሄ ባጃጅ ውስጥ አይገባም አለ። ሌላ አስተያየት አልነበረውም።

ኑርሀን ግን ወደደችው። አዲስ ነገር በተማረች ቁጥር እየደወለች በስልክ ለአባቷ ትጫወትለት ነበር። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ ከዚያ ሁሉ ዜማ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይደርሰው፣ ጥሩ ነው፣ በርቺ፣ ኔትወርክ የለም ይልና ለዓሻ ይሰጣታል። እያደር ኑርሀን መደወሏን አልተወችም፤ መጫወቷን ግን ተወች።

ትምህርቷን እንደጨረሰች ድሬ ላይ ኮንሰርት አቀርባለሁ ብላ መጣች። ከዚራ በሚገኘው አሮጌ የባቡር ሠራተኞች አዳራሽ፣ ብቻዋን፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትጫወተው። ስዊት የሚባሉ ዜማዎች አሉ አለች፤ አንድ ጀርመናዊ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለአንድ ቼሎ ብቻ የደረሳቸው፣ የዘመኑ ሰው ይጨፍርባቸው ከነበሩ ውዝዋዜዎች የተወሰዱ ናቸው። ከእነሱ መሃል መሃል ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ አሁን የጻፏቸውን አዳዲስ ሥራዎች ታስገባለች። ኩልሚዬ ውዝዋዜ ሲባል ፊቱ በራና ማን ይጨፍራል አለ። ማንም፣ ተቀምጠው ነው የሚያዳምጡት ተባለ። ውዝዋዜ ከሆነ ለምን ይቀመጣሉ፣ ከተቀመጡስ ለምን ውዝዋዜ ይባላል እያለ ሲሟገት ዋለ። እኔ እንኳ በሙያዬ ምክንያት መቀመጡን ደገፍኩ።

ዋናው ነገር ቀጥሎ መጣ። ማይክ የለም፣ ሞንታርቦ የለም አለች። ቼሎ በገዛ እንጨቱ ነው የሚናገረው፣ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ እሱ መሄድ አለበት እንጂ እሱ እየጮኸ ወደ ሰው አይመጣም አለች። ለዚህም ሲባል የጣሪያ ፋኖቹ ይጠፋሉ። ድሬ ዳዋ ውስጥ ፋን አጥፉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለደጋ ሰው ማስረዳት አልችልም።

ኩልሚዬ ስለ ፋኑ ምንም አላለም። ሞንታርቦውን ግን ሙጭጭ አለ። ትንሹ ይግባ፣ ጥግ ላይ ይቁም፣ በጨርቅ ይሸፈን እያለ ለመነ። ሰዉ ሁሉ ኩራቱን ነው ያየው፤ የባለ ሞንታርቦ ልጅ ያለ ሞንታርቦ ስትቀርብ ስሙ የሚጠፋ መስሎት ነው አሉ። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያለ ማጉያ ልጁን አይሰማትም፤ ነገሩ ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ንገራትና ይለቅልህ አልኩት።

«ብነግራት፣» አለኝ፣ «ያን ቀን ለሕዝቡ አትጫወትም። እኔን እያየች፣ እያዘነችልኝ ነው የምትጫወተው። ይሄንን አላደርግባትም አቦ። ከፊት እቀመጣለሁ፤ ከፊት ከሆንኩ ወላሂ አንድ ነገር አላጣም።»

ያለ ሞንታርቦ የሚቀርበውን ኮንሰርት በሞንታርቦ ከማስተዋወቅ ግን ማንም አልከለከለውም። ማጉያውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከተማውን ዞረ። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል፤ ኩልሚዬም ምንም ነገር ቢያስተዋውቅ አፉ ሠርግ ነው። የልጃችን የኑርሀን ኩልሚዬ ታላቅ ዝግጅት እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ስለሆነ፣ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ አምራችሁ ደምቃችሁ እንድትገኙልን አለ። ቼሎ የምትለዋን ቃል ስላላመነባት ዘለላት።

ቅዳሜ ወንበር ልደረድር አዳራሹ ስገባ ኩልሚዬን መድረኩ ላይ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁት። ልጁ የምትቀመጥበት ወንበር ሥር አውራ ጣት የምታህል ማይክ በፕላስተር እየለጠፈ ነበር። ማጉያውን በእኔው የድንኳን ጨርቅ ጠቅልሎ መጋረጃ አስመስሎታል። ብዙም ሳይቆይ ኑርሀን ገባች። ወንበሩን ገለበጠች፣ ማይኳን ነቅላ ለአባቷ ሰጠችው። እሱም ምንም ሳይናገር ወጣ። ያ ሰው ምንም ሳይናገር ሲወጣ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኑርሀን ከደረደርኳቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። «ጋሽ ዓብዩ፣ አባቴ ሙዚቃዬን አይወደውም። በሠርግ ጩኸት ሊሸፍነው ነው የሚፈልገው። ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ስጫወትለት አንድ ቀን እንኳ ይሄ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ስልኩን ለእናቴ ነው የሚሰጣት።»

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ማርያም ያዘችኝ። አባትሽ ይወድሻል ብቻ ብያት ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እንደዚያን ቀን ሥራዬ አስጠልቶኝ አያውቅም።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ግማሹ ለሠርግ ነው የመጣው። ሴቶቹ ወርቃቸውን አድርገው፣ ሂና ተቀብተው፣ እልል እያሉ ገቡ። ቀፊራ ቅመም የምትሸጠው ሀምዲያ፣ የኩልሚዬ የግድግዳ ጎረቤት ነች፣ ለሙሽሮቹ ስጦታ ብላ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች። ሙሽራው የት አለ ብላ ጠየቀችኝ። መድረኩ ላይ ወንበር ተደግፎ ከቆመው ቼሎ በቀር የማሳያት ነገር አልነበረኝም። ሙዚቃ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም ስላት ቼሎውን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ ከመጣሁ ወዲህ አልመለስም ብላ ከፊት ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

ኩልሚዬ ኮት ለብሶ ነበር። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እንዲያደርግ አንድ ማጉያ በሩ ጋ ተፈቅዶለታል፤ ልጁ ከዚህ በላይ አልጨከነችበትም። ንግግሩን አደረገ፣ ገመድ አልባ ማይኩን ሸሚዝ ኪሱ ከተተ፣ ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ፋኖቹ ጠፉ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው እፎይ ሳይሆን እህህ አለ።

እኔ ሙዚቃን የማውቀው በወንበር ነው። ሰው ካልወደደው ወንበሩ ይንቋቋል፤ ከወደደው ዝም ይላል። መጀመሪያ የተጫወተችው ከአሮጌዎቹ ነበር። ዜማው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ልጅቷ አንድ ሆና ሳለ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ወንበሮቼ መጀመሪያ ተንቋቁ፣ ቀጥሎ ቀስ አሉ፣ በኋላ ጭራሽ ድምፃቸው ጠፋ። ደጋኗን ባነሣች ቁጥር ሰዉ ያለቀ እየመሰለው ያጨበጭባል፤ እሷም ፈገግ ብላ ትጠብቅና ትቀጥላለች።

ኩልሚዬ ዓይኑን ከደጋኗ አልነቀለም። ሰው ሲያጨበጭብ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ሰው ሲያቆም እሱ ይቀጥላል፤ በጉልበቴ እየነካሁ አቆመዋለሁ። ጆሮው ሥር ገብቼ እንዴት ነው አልኩት። ሩቅ ያለ ጀነሬተር ይመስላል አለኝ፤ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነበር፣ ከኋላችን ሦስት ረድፍ ሰው ገላመጠን። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፤ የሁላችንም ይወርድ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ ኑርሀን አዲሱን ሥራ አስተዋወቀች። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ሐርላ ሄዶ የጥንቱን ፍርስራሽ አይቶ የጻፈው ነው፤ የሚጀምረው በድንጋዮቹ መሃል በሚያልፍ ነፋስ ነው አለች። ጀመረች። ደጋኗ ክሩን ነካች አልነካች። የሆነ ነገር አለ፣ የለም፤ አለ። አንገታችንን አስግገን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ቀረን። አንዱ ጫማውን ቢያንቀሳቅስ አዳራሹ በሙሉ ገላመጠው።

አሁን ይሄንን በኩልሚዬ ዓይን እዩት። የልጁ እጅ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ሕዝቡ ደርቆ ቀርቷል። በእሱ ሙያ ይሄ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመድ ተነቅሏል። ሠርግ ላይ እንዲህ ሲሆን ባለ ሞንታርቦው ከሰው ሁሉ ቀድሞ ካልተነሣ ደጋሹ ይዋረዳል፤ ዛሬ ደግሞ የምትዋረደው ልጁ ነች። ሲነሣ ኮቱን ያዝኩት። ኮቱ እጄ ላይ ቀረ።

መድረኩ ላይ ወጣና ማይኩን ከኪሱ አወጣ። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት። ክቡራን እንግዶቻችን፣ ትንሽ የድምፅ ችግር ስላጋጠመን በትዕግሥት ጠብቁን።»

በሩ ጋ ያለው ማጉያ እስከ ጥግ ተከፍቶ ኖሯል። ያን ያህል ዝምታ ላይ ያን ያህል ጩኸት ሲወርድ ሀምዲያ ከነብርድ ልብሷ ዘለለች። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኩልሚዬ በትዕግሥት ጠብቁን ባለው መሠረት ጎንበስ ብሎ የቼሎውን ገመድ ይፈልጋል። ቼሎው ገመድ የለውም።

ኑርሀን ደጋኗን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አባ፣ ውረድ አለችው። አልሰማትም። ምንም አልተበላሸም፣ ሥራው እንዲህ ነው አለችው። ራሱን ነቅንቆ ፍለጋውን ቀጠለ። በስተመጨረሻ ቀና ብሎ የሷን አፍ አየ፣ የሚስቀውን ሕዝብ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ኮቱን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ መደበቁ የታከተው መሰለኝ።

«ኑሪ፣ አልሰማሽም» አለ። «ቼሎሽንም አንቺንም አልሰማም። ጆሮዬ ሄዷል።»

ማይኩን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸገውን ነገር በገዛ ሞንታርቦው ለከዚራ ሁሉ አወጀው። ሳቁ ቆመ። ኑርሀን ከወንበሯ ሳትነሣ ወደ ጆሮው ተሳበችና ጮክ ብላ ጠየቀችው፤ በማይኩ በኩል እኛም ሰማን።

«ስልክ ላይ ስጫወትልህስ?»

«ምንም።»

«እኔ እኮ አልወደደውም ብዬ ነው የተውኩት።»

«ያልሰማሁትን እንዴት ልጥላ፣ ልጄ?»

እኔ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ በእሱው ኮት ጠረግሁት።

ኑርሀን ማይኩን ከእጁ ወስዳ አጠፋችው። አንድ ወንበር አስመጣችና ከጎኗ አስቀመጠችው፤ ራሱን ይዛ ጆሮውን ቼሎው ትከሻ ላይ አስደገፈችው። ወፍራሙን ክር በረጅሙ ሳበችው። ኩልሚዬ እንደ ደነገጠ ሰው ብድግ አለ። ከዚያ ተመልሶ ጉንጩን ለጠፈ፣ በሁለት እጁም እንጨቱን ያዘ። ዓሻ ከኋላ፣ ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ ብላ ጮኸችበት፤ ጩኸቷ አልደረሰውም። እሱ ግን በዓይኑ ፈልጎ አገኛት።

«ዓሻ፣ ውስጡ ሰው አለ» አላት።

ነፋሱን ከመጀመሪያው ጀመረችው። እሱ ቼሎው ላይ እንደተጋደመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ደጋኗ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ክርኗ ትከሻውን ይመታዋል፤ አልተነቃነቀም። ቀጥላ አንድ አጭር ውዝዋዜ ተጫወተች፤ አዳራሹ ሲያጨበጭብ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ነበር የሚያልቀው። ኩልሚዬ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። «መጀመሪያ ላይ የተጫወትሽውስ?» አላት። «እሱን እኮ አልሰማሁትም።»

ቤት ስንገባ እጫወትልሃለሁ አለችው። እንግዶቹ በሙቀት አልቀዋል፣ ሰዉም ሊሄድ ነው። ቤት አይደለም አለ፤ እነዚህ ሰዎች ሲሰሙሽ ነው መስማት የምፈልገው። ይሄንን ሲላት ሕዝቡ ወደ በሩ እየጎረፈ ነበር። እሱም አየው። እሺ፣ ቤት ይሁን አላት።

ውጭ ስወጣ ወሬው ሁሉ ስለ ጆሮው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግማሽ ከተማ ያውቅ ኖሯል፣ ያልሰማው እሱ ብቻ። ሀምዲያማ ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች። የጥቁር አዝሙድ ዘይት እየገዛ ለጎረቤቴ ጆሮ ነው ይለኛል፣ ጎረቤቱ ደግሞ እኔው ነኝ አለች። ሞንታርቦውን መከራየት ለምን እንዳልተዉት አንዱን ሹፌር ብጠይቀው፣ እሱ ሰው ካልሰበሰበልኝ ሠርጌን ማን ያደምቅልኛል አለኝ።

ግማሹ ወደ መስጊድ፣ ግማሹ ውኃ ፍለጋ ተበተነ። እኔ ወደ ውስጥ ተመልሼ ወንበር ማጠፍ ጀመርኩ። አባትና ልጅ መድረኩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ኑርሀን ደጋኗን ታላላለች፣ ኩልሚዬ ገና ቼሎውን እንደያዘ ነው። ባዶውን አዳራሽ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶታል። በእውነት አሳዘነኝ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ደርሼ ብርድ ልብስ የተቀመጠበትን ወንበር ሳነሣ ሀምዲያ ከኋላዬ መጣች።

«ለምን ታጥፋለህ?» አለችኝ።

«አለቀ እኮ።»

«ለእኛ ነው ያለቀው። ለእሱ ይደገምለት እንጂ።»

ወንበሩን ከእጄ ቀምታ ዘረጋችውና ተቀመጠች። ከኋላዋ የሰገደውም፣ ውኃ የጠጣውም እየተመለሰ፣ መቀመጫ አጥቶ ግድግዳው ጥግ እየቆመ ነበር። እኔም ያጠፍኳቸውን ወንበሮች መልሼ መዘርጋት ጀመርኩ።